ኮሚሽኑ የማን ነው? ስለ ነፃ ተቋማት ከጅማ የተነሡ ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን በሰፈራችን የውይይት ስብስብ አንድ ነገር ተነሥቶ ሌላው አጀንዳ ሁሉ ተረሳ። ምርጫ ቦርድ፣ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ እንባ ጠባቂ፣ ዋና ኦዲተር «ነፃ ተቋማት» ይባላሉ። እውነት ከአስፈፃሚው እጅ ነፃ ናቸው ወይስ በስም ብቻ? ጥብቅና ላይ ስላለሁ፣ ከዚያ በፊትም ሕገ መንግሥት ስላስተማርኩ ጥያቄው ወደኔ ዞረ። አንዳንዱ በቃል ጠየቀኝ፤ አንዳንዱ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ ሥራቸውንና ሰፈራቸውን ብቻ አስቀምጫለሁ።

ጥያቄ (ቡና ነጋዴ፣ ሄርማታ መርካቶ)፦ ወንድሜ፣ ኮሚሽን የሚባለው ያው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደል? ደመወዙን መንግሥት እየከፈለው እንዴት ነው ነፃ የሚሆነው?

ደመወዝ መክፈል ብቻውን አዛዥ አያደርግም። ዳኛም ደመወዙን ከዚያው ካዝና ነው የሚወስደው። ሚኒስትር ግን ደውሎ «ይህን ሰው ፍታው፣ ያንን እሰረው» ሊለው ሕጉ አይፈቅድም። ካዝናውም ቢሆን የሚኒስትሮች አይደለም። እርስዎ ከቡናዎ ላይ የሚከፍሉት ግብር ነው ያለበት።

መንግሥት ስንል ሁሉንም አንድ ላይ እንጠቀልላለን። ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት አለ። የሚዳኘው ፍርድ ቤት አለ። አስፈፃሚ የሚባለው ደግሞ ከጠቅላይ ሚኒስትሩና ከሚኒስትሮቹ ጀምሮ ፖሊሱን፣ ገቢዎችን፣ እስከ ቀበሌ ያለውን መዋቅር የሚይዘው ነው። ጉልበቱም ገንዘቡም እሱ ዘንድ ነው። ሰው የሚያስረው፣ ግብር የሚሰበስበው፣ በጀት የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ጥፋትም ሲፈጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው እዚያ ነው። ታዲያ ተጠያቂው ራሱ ጠያቂውን የሚሾም፣ የሚሽርና የሚመግብ ከሆነ ጥያቄው ቀረ ማለት ነው።

እኔ የአንድን ተቋም ነፃነት ስመዝን አራት ነገር እጠይቃለሁ። ዕጩውን ማን አቀረበው? ገንዘቡን ማን ይዞታል? ማን ሊያባርረው ይችላል? ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ የት ይደርሳል? በስሙ ላይ «ነፃ» መባሉ ከነዚህ አንዱንም አይመልስም።

ጥያቄ (የሕግ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እነዚህ ተቋማት ሁሉም እኩል ዋስትና አላቸው?

የላቸውም። ሕገ መንግሥቱን ክፈቺና አንቀጾቹን ጎን ለጎን አንብቢያቸው።

አንቀጽ 101 ስለ ዋና ኦዲተር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርበዋል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾመዋል። የመሥሪያ ቤቱን በጀት ግን ራሱ አዘጋጅቶ በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። ሪፖርቱም የሚሄደው ለምክር ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ከአራቱ ጥያቄዎች ሁለቱ ጥሩ መልስ አግኝተዋል።

ወደ 102 እለፊ። የምርጫ ቦርድ ነው። ሁለት ንዑስ አንቀጽ ብቻ አለው። የመጀመሪያው ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ የሆነ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ደስ የሚል ቃል ነው። ዓይንሽን አንድ መስመር ዝቅ ስታደርጊ ግን አባላቱን የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። እሱ ደግሞ በዚያው ምርጫ የሚወዳደረው ፓርቲ መሪ ነው። ስለ በጀት አንድም ቃል የለም። ስለ ተጠሪነትም የለም።

103 የሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን ነው። እዚህ በጀቱ ለምክር ቤቱ ቀርቦ እንደሚጸድቅ፣ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ቆጣሪው ያገኘውን ዋስትና አስመራጩ አላገኘም። ይህ እስካሁን ይገርመኛል።

ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና እንባ ጠባቂ የራሳቸው አንቀጽ እንኳ የላቸውም። አንቀጽ 55 ውስጥ በምክር ቤቱ ሥልጣኖች መሀል፣ በንዑስ አንቀጽ 14 እና 15 ነው የምታገኚያቸው። ግን ልብ በዪ፦ እዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልተጠቀሰም። ማቋቋሙም ሥልጣኑን መወሰኑም የምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር የተጠቀሰው ኮሚሽን በዕጩ አቀራረብ በኩል ሙሉ አንቀጽ ካገኘው ቦርድ የተሻለ መነሻ አለው። ጉዳቱ ዝርዝሩ በሙሉ ለአዋጅ መተዉ ነው። አዋጅ ደግሞ በምክር ቤቱ ድምፅ ይለወጣል፤ እነዚህን የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች ለማሻሻል ግን በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱም ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ 2/3 ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች 2/3 ድጋፍ ያስፈልጋል።

አንድ የሚረሳ አካልም አለ። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። የታሰሩ ሰዎችን ስም በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ማሳወቅ፣ ኢሰብዓዊ ድርጊት እንዳይፈጸም መከታተል የሱ ሥራ ነው። በጥቅምት 2014 እና በሐምሌ 2015 አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ከጓደኞችሽ ስንቱ የዚህን ቦርድ ሥልጣን ያውቅ ነበር? ጠይቂያቸው።

ጥያቄ (የእድር ሰብሳቢ፣ ቆጪ)፦ ልጄ፣ በኛ እድር ሒሳብ መርማሪውን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሰብሳቢው ልምረጥ ቢል አገር ይስቅበታል። አገር ከእድር ያንሳል ወይ?

አያንስም አባባ። ነገሩን በሙሉ በአንድ አፍ ጨረሱት።

ሕግ አውጪዎቹም ይህ ጠፍቷቸው አይደለም። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አዋጅ ቁጥር 210/1992 ሲወጣ ዕጩ የሚያቀርብ ኮሚቴ ደነገገ። በኮሚቴው የሁለቱ ምክር ቤቶች አፈ ጉባኤዎች፣ የምክር ቤት አባላት፣ በተቃዋሚዎች ስምምነት የሚመረጡ ሁለት እንደራሴዎች፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የወንጌላውያንና የካቶሊክ ተወካዮች አሉበት። ዕጩው ከዚያ በምክር ቤቱ የ2/3 ድምፅ ማግኘት አለበት። የምርጫ ቦርድ አዋጅ ቁጥር 1133/2011ም የ102ን ጉድለት ለመሸፈን ሞክሯል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ከኪሱ አያወጣም፤ ከሃይማኖት፣ ከሠራተኛ ማኅበራት፣ ከሳይንስ አካዳሚ፣ ከሲቪክ ማኅበራትና ከመሳሰሉት የተውጣጣ ገለልተኛ ኮሚቴ አጣርቶ ያቀርብለታል።

በወረቀት ይሄ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ነው። በእድርዎ ጉባኤ ላይ ሰብሳቢውን የሚቃወም ሰው አይጠፋም። በ2007ቱ ምርጫ ግን ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት ወንበር ያዙ። በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ መጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 ወንበሮች ብልፅግና 410ሩን አሸነፈ። 2/3 የተባለው ግድብ የተሠራው አንድ ወገን ብቻውን እንዳይወስን ነበር። አንድ ወገን ከ2/3 በላይ ሲይዝ ግድቡ ምንም አይዝም። ስለዚህ «ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው» ሲባል ልባችን ሙሉ በሙሉ አይረፍ። ምክር ቤቱ ራሱ አስፈፃሚውን የሚጠይቅ ካልሆነ ተጠሪነቱ በእጅ አዙር ወደ አስፈፃሚው ይመለሳል።

ጥያቄ (ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ)፦ በጀቱን ምክር ቤቱ ካጸደቀ ከዚያ በኋላ ምን ችግር አለ?

እርስዎ ከኔ በተሻለ ያውቁታል። በጀት መጽደቅና ገንዘብ መለቀቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሐምሌ ላይ የጸደቀ በጀት ጥር ድረስ ካልተለቀቀ መኪናው ነዳጅ የለውም፣ መርማሪውም አበል የለውም። ማንም «ይህን ምርመራ ተዉት» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም።

ሌላው ሰው ነው። ተቋሙ ሠራተኛውን የሚቀጥረው በሲቪል ሰርቪስ ስኬል ብቻ ከሆነ ጎበዝ መርማሪ ሁለት ዓመት ሠርቶ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይገባል። ይህን ጉዳይ ጋዜጣ ላይ አታዩትም፤ ከሹመቱ ባልተናነሰ ግን ተቋም የሚገድለው እሱ ነው።

ጥያቄ (የታሪክ መምህርት፣ ጂሬን)፦ በአገራችን አንድ ኮሚሽን መንግሥትን የሚያስቆጣ እውነት ተናግሮ ያውቃል? ምን ደረሰበት?

ያውቃል። ሁለት ጊዜ ላንሣ፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ብዙ ያስተምራሉ።

የመጀመሪያው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ተቃውሞ ሰው ሞተ። ምክር ቤቱ ነገሩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። አባላቱ ለአንድ ጥያቄ መልስ መስጠት ነበረባቸው፦ የመንግሥት ኃይሎች የተጠቀሙት ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ወይ? ድምፅ ሲሰጡ ስምንቱ «አዎ፣ ከመጠን ያለፈ ነበር» አሉ፤ ሁለቱ ተቃወሙ። የተገደሉት ሲቪሎች ቁጥር 193 ነበር። ስድስት ፖሊሶችም ሞተዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝግታ ተመልከቺው። ሰብሳቢውና ምክትሉ ውሳኔያችሁን ለውጡ የሚል ጫና እንደደረሰባቸው ተናግረው አገር ጥለው ወጡ፤ ግኝቱንም በውጭ ሆነው ይፋ አደረጉ። በ1999 መጀመሪያ ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ደግሞ የሟቾቹን ቁጥር ተቀብሎ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ አልነበረም አለ። አስከሬኑ ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ ፍርዱ ላይ ነበር። እነዚያ ሰዎች የተሾሙት መንግሥት ባመነባቸው ምክር ቤት ነው፤ ግን ዳኞች ነበሩና ያዩትን ጻፉ። ያን ቀን የሚጠብቃቸው ሕግ፣ ያለመከሰስ ከለላም ሆነ ቋሚ ተቋም አልነበረም። ጊዜያዊ ኮሚሽን ነበርና አባላቱ ሲበተኑ አብሮ ተበተነ።

ሁለተኛው የቅርብ ነው። በኅዳር 2014 በኦሮሚያ የከረዩ ገዳ ሥርዓት መሪዎች (ጅላ) የሆኑ 14 ሰዎች ተገደሉ። መጀመሪያ ከባለሥልጣናት በኩል የተሰማው ገዳዩ ታጣቂ ቡድን ነው የሚል ነበር። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቦታው ሄዶ መርምሮ በጥር 2014 ተቃራኒውን አወጣ። ግድያውን የፈጸሙት የመንግሥት የፀጥታ ኃይሎች ናቸው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ አለ። ያኔ ኮሚሽነሩ ዳንኤል በቀለ ነበሩ። አገር ጥለው አልወጡም፤ የአምስት ዓመት ዘመናቸውን ጨርሰው በ2016 ለቀቁ። ኮሚሽኑም በእ.ኤ.አ. 2021 ከዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሰብዓዊ መብት ተቋማት ኅብረት የ«ኤ» ደረጃ አግኝቶ ነበር። ይህ ደረጃ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 የጸደቁትን የፓሪስ መርሆች ላሟላ ተቋም የሚሰጥ ነው።

መምህርት፣ ልዩነቱ ምንድን ነው ብትዪኝ የሰዎቹ ድፍረት አይደለም እልሻለሁ። የ1998ቶቹም ደፋር ነበሩ። ልዩነቱ በሁለተኛው ጊዜ ቋሚ ተቋም፣ የተወሰነ የሥራ ዘመንና የምክር ቤት ፈቃድ ሳይገኝ አይታሰርም የሚል ከለላ መኖሩ ነው። በአዋጁ መሠረት ኮሚሽነርን ለማንሣት ልዩ አጣሪ ጉባኤ ጥፋቱን አይቶ፣ ምክር ቤቱ በ2/3 ድምፅ መወሰን አለበት። በአንድ የማለዳ ደብዳቤ አይነሣም።

ጥያቄ (ባጃጅ ሹፌር፣ አጂፕ)፦ እሺ ሪፖርቱ ወጣ። ከዚያስ? ማን ታሰረ?

ጥያቄህ ልክ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ የምመለሰው እዚያ ነው። ኮሚሽኑም እንባ ጠባቂውም አያስሩም፣ አይከሱም። ምክረ ሐሳብ ይሰጣሉ። አስፈፃሚው ምክረ ሐሳቡን መሳቢያ ውስጥ ቢከተው የሚያስገድደው ምክር ቤቱ ነው፤ እሱም ዝም ካለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ ሄዳለች። በ1996 ሕገ መንግሥታቸው ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ እንደኛው እንባ ጠባቂ ያለ፣ የሕዝብ ጠበቃ የሚባል ተቋም አለ። ቱሊ ማዶንሴላ ይመሩት በነበረ ጊዜ ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ በንካንድላ ለሚገኘው የግል ቤታቸው ከመንግሥት ገንዘብ ለደኅንነት ተብሎ የወጣውን መርምረው በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት አወጡ። ለደኅንነት ያልሆነውን፣ መዋኛ ገንዳውንና የከብት በረቱን ጨምሮ፣ ድርሻቸውን ይክፈሉ አሉ። ፕሬዚዳንቱ አልከፈሉም። ፓርላማውም ተከላከለላቸው። ነገሩ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደረሰና መጋቢት 31 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤቱ የተቋሙ ውሳኔ በፍርድ ቤት እስካልተሻረ ድረስ ያስገድዳል ብሎ ወሰነ። ዙማ 7.8 ሚሊዮን ራንድ ከፈሉ።

እኛ ጋር የጎደለው ይህ ሰንሰለት ነው። ሪፖርት፣ ከዚያ የመልስ ግዴታ፣ ከዚያ መልስ ላልሰጠ ፍርድ ቤት። ግኝቱ በራሱ ቅጣት ይሁን አልልም፤ ያ ሥራ የፍርድ ቤት ነው። ግን መንግሥት በጽሑፍ «ይህን ፈጽሜአለሁ፤ ይህን ያልፈጸምኩት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ በአደባባይ መመለስ አለበት።

ጥያቄ (የሸቀጥ አከፋፋይ፣ ፈረንጅ አራዳ)፦ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ድሮ ሰው ያስከስስ ነበር። አሁን ምነው ትምህርት ብቻ ሆነ?

ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። በ1993 በአዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ፤ ይመረምር፣ ይከስም ነበር፤ ተጠሪነቱ ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። በ2008 ምርመራው ወደ ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ኋላ ተጠሪነቱ ወደ ምክር ቤቱ ሲዞር እጁ ላይ የቀረው በአብዛኛው ማስተማር፣ መከላከልና ሀብት መመዝገብ ነው። ተጠሪነቱ ሲስተካከል ጉልበቱ አልነበረም።

የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም እንዲሁ። የ2013ቱ አዋጅ የዋና ዳይሬክተሩን ሹመት በምክር ቤቱ እጅ አድርጎት ነበር። በ2017 የጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠው። በአዋጅ የተሰጠ በአዋጅ ይወሰዳል።

«ኮሚሽን» የሚለው ስምም አያታልልዎት። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1101 የተቋቋመው የወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር።

ጥያቄ (የቀበሌ ሠራተኛ)፦ እኛስ? እነሱን ማን ይቆጣጠራቸው? ማንም የማይነካው ሹም ደግሞ ጥሩ ነው?

ጥሩ አይደለም። ነፃ ማለት ልቅ ማለት አይደለም። ሒሳባቸውን ዋና ኦዲተር ያያል፤ ሪፖርታቸውን ምክር ቤቱ ይሰማል፤ የምርጫ ቦርድ ውሳኔ ላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል። ከአስፈፃሚ ትእዛዝ ነፃ ይሁኑ ነው የምንለው እንጂ ከጥያቄ ነፃ ይሁኑ አይደለም።

ጥያቄ (የጤና ጣቢያ ነርስ)፦ የሕዝብ ቆጠራ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው? ለምን ነፃ ኮሚሽን አስፈለገው?

እናንተ ጤና ጣቢያ የምትቀበሉት ክትባት በስንት ሕፃን ልክ እንደሚላክ ማሰብ ይበቃል። የሰው ቁጥር የበጀት ቀመር ውስጥ ይገባል። የምርጫ ክልልም የሚሸነሸነው በቆጠራው ውጤት ነው፤ አንቀጽ 103 ራሱ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን የያዘ ገንዘብና ወንበር ይዟል።

ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። በ1987 ተቆጠረ። በ1999 ተቆጠረና ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ ተባልን። ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ ዛሬም አልተካሄደም። የዛሬዋን ጅማ ለማወቅ በ1999 ቁጥር ላይ ግምት እየጨመርን ነው የምንሄደው።

ነፃነቱስ? ኮሚሽኑ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው ብዬ ነበር። ለዚህ ለተራዘመው ቆጠራ ዝግጅት ሲደረግ ግን የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደመቀ መኮንን ነበሩ። በሰውዬው ላይ ክስ የለኝም። ግን በወረቀት ለምክር ቤት የሚጠየቅ ኮሚሽን በተግባር በካቢኔው ሁለተኛ ሰው ሲመራ፣ ቆጠራ መቼ ይሁን የሚለውን የሚወስነው የፖለቲካው አየር ይሆናል። ቆጠራ የሚያስተባብሩት የክልልና የፌዴራል ባለሥልጣናት ቢሆኑ ይቀላል የሚል ክርክር አለ፤ አውቃለሁ፤ መኪናውም መምህሩም ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ያስተባብሩ። ሰብሳቢው ግን ከነሱ ውጭ ይሁን።

ጥያቄ (የሕግ ተማሪ፣ በድጋሚ)፦ ጎረቤቶቻችን ይሻላሉ?

ኬንያ በወረቀት ትሻላለች። የ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥታቸው ምዕራፍ 15 ሙሉ ለሙሉ ስለ ኮሚሽኖችና ነፃ መሥሪያ ቤቶች ነው። ከማንም ትእዛዝ አይቀበሉም። በጀታቸው ተለይቶ ይቀመጣል። አባላቱ አንድ ጊዜ ለስድስት ዓመት ይሾማሉ፣ አይደገምም። ይህቺን የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። ለመሾም ድጋሚ ተስፋ የሌለው ሰው ማንንም አያባብልም።

ግን ተመልከቺ፤ የኬንያ የምርጫ ኮሚሽን ሰብሳቢና አባላት ዘመናቸው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አልቆ አዲሶቹ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በሐምሌ 2025 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ማሟያ ምርጫም ማድረግ አልተቻለም። ተቋምን ለማዳከም ሹም ማባረር የግድ አይደለም። ተተኪ አለመሾም ይበቃል። እኛም ጋር የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽነሩ ዶክተር ዳንኤል ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ ተተኪ እስኪሾም ወራት አልፈዋል፤ መሀሉን በተጠባባቂነት የመሩት ምክትል ኮሚሽነሯ ራኬብ መሰለ ነበሩ። ተጠባባቂ ሰው ምንም ጎበዝ ቢሆን ወንበሩ የሱ አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዘመን ከማለቁ ስድስት ወር በፊት የዕጩ ሥራ ይጀመር የሚል አንድ መስመር አዋጁ ውስጥ ቢገባ ወጪ የለውም።

ጥያቄ (ወጣት ነጋዴ)፦ ይሄ ሁሉ አዲስ አበባ ያለ ነገር ነው። የጅማ ከተማ መንገድ ገንዘብ የት እንደገባ ማንን ልጠይቅ?

የከተማና የዞን ሒሳብ የሚያየው የኦሮሚያ ዋና ኦዲተር ነው፤ ሪፖርቱ ለጨፌ ይቀርባል። አንተ ደግሞ በራስህ መጠየቅ ትችላለህ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ ቁጥር 590/2000፣ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ለምን ፈለግከው አትባልም። መልስ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥህ ይገባል። ከተከለከልክ ወደ እንባ ጠባቂ ታቀርባለህ። በጽሑፍ ጠይቅ፣ ቀኑን ጻፍ፣ ቅጂ ላይ «ደርሶናል» ብለው ይፈርሙልህ። በቃል የተጠየቀ ነገር እንዳልተጠየቀ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ሄርማታ)፦ ልጄ፣ የኔ ልጅ ታስሮ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቀናት አለፉ። እኔ አልጻፍም አላነብም። ይህ ኮሚሽን የምትሉት ለኔ በሩን ይከፍታል?

ይከፍታል እናቴ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እዚሁ ጅማ ጽሕፈት ቤት አለው። አዲስ አበባ መሄድ አይጠበቅብዎትም። አቤቱታ በቃል ይቀበላሉ፤ እርስዎ ይናገራሉ፣ እነሱ ይጽፋሉ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሆናል። ክፍያ የለውም። ልጅዎ ራሱ መምጣት ስለማይችል ቤተሰብ ስለሱ ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ውስጥ አይገቡም፤ የእርስዎ ልጅ ግን ገና ፍርድ ቤት ስላልቀረበ ይሄ አያግዳቸውም። በ2012 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1224 የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ሰው የታሰረበትን ቦታ ገብተው እንዲያዩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል።

ከመሄድዎ በፊት የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ከየት እንደተወሰደ፣ የሚገኝበትን ጣቢያ፣ ያየ ሰው ካለ ስሙን ለጎረቤት ልጅ አስጽፈው ይያዙ። በሕጉ የታሰረ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ሳይጨምር በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ነው ያለው። ይህንንም ይንገሯቸው። ሰኞ ጠዋት ይሂዱ፤ እኔም አብሬዎት እመጣለሁ።